የሕፃናትን ጥርስ ስለ መጠበቅ

ጐበዝ ገበሬ አዝመራውን መጠበቅ የሚጀምረው እሸቱ ከታየ በኋላ አይደለም። ቡቃያው ከመሬት ብቅ ባለ ጊዜ አረሙን ይነቅላል፤ ከብት እንዳይረግጠው ያጥራል፤ ጐርፍ እንዳይወስደው ቦይ ይቀድዳል። ቡቃያውን ያልጠበቀ ሰው በመከር ጊዜ ጐተራው ባዶ ቢሆን የሚከስሰው ሌላ ሰው የለም። የሰው አካልም እንደዚሁ ነው። በሕፃንነት የተጠበቀ አካል ለጕልምስና ያገለግላል፤ በሕፃንነት የተናቀ አካል ግን በኋላ ዋጋውን ያስከፍላል። ይህም ነገር ጐልቶ ከሚታይባቸው የአካል ክፍሎች አንዱ ጥርስ ነው።

ብዙ ሰዎች ግን ስለ ሕፃን ጥርስ ሲነገራቸው፣ «የወተት ጥርስ መውለቁ ላይቀር ስለ እርሱ መድከም ለምንድር ነው?» ይላሉ። ይህ አነጋገር ላይ ላዩን ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ስሕተት ነው። ስሕተትነቱም ከዚህ ቀጥሎ ይገለጻል።

የጥርስ ሥራ

ጥርስ ሦስት ዋና ዋና ሥራዎች አሉት። አንደኛው እህልን ማድቀቅ ነው። የፊት ጥርሶች እንደ ቢላዋ ይቈርጣሉ፤ ክራንቻዎች ይዘነጥላሉ፤ መንጋጋዎችም እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይፈጫሉ። በሚገባ ያልታኘከ እህል ለሆድ ሸክም ይሆናል።

ሁለተኛው ንግግርን ማቅናት ነው። ፊደል የሚቈጥር ተማሪ ይህን በገዛ አፉ ሊመረምረው ይችላል። «ፈ» ሲል የላይኛው ጥርስ በታችኛው ከንፈር ላይ ያርፋል። «ሰ» ሲል ትንፋሽ በጥርሶች መካከል እያፏጨ ይወጣል። «ተ» ሲል የምላስ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ሥር ይነካል። ስለዚህ የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ «ሰ» ማለት ቢቸግረው ጓደኞቹ ሊስቁበት አይገባም። የሚስቅበት ልጅ ትናንት እንደ እርሱ ነበረ፤ ወይም ነገ እንደ እርሱ ይሆናል።

ሦስተኛው የፊትን መልክ መጠበቅ ነው። ጥርስ ጕንጭንና ከንፈርን ከውስጥ ደግፎ ይይዛል። ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ጕንጩ ወደ ውስጥ የሚገባው ይህ ድጋፍ ስለ ጐደለው ነው።

ቦታ ጠባቂው ጥርስ

ሕፃን ሲወለድ አፉ ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም። የወተት ጥርሶቹ ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ በድዱ ውስጥ መሠራት ጀምረዋል። ስድስት ወር ያህል በሆነው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የታችኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ብቅ ይላሉ። አንዱ ሕፃን ይቀድማል፤ ሌላው ይዘገያል፤ ጥቂት ወር ቢዘገይም ሊያስደነግጥ አይገባም። ሁለት ዓመት ተኩል ወይም ሦስት ዓመት ሲሆነው ከላይ 10፣ ከታች 10፣ በጠቅላላው 20 የወተት ጥርሶች ይሞሉለታል። ስድስት ዓመት ያህል ሲሆነው እነዚህ ጥርሶች አንድ በአንድ መውለቅ ይጀምራሉ። እስከ 12 ዓመት ያህልም ቋሚ ጥርሶች በቦታቸው ይተካሉ። የአዋቂ ሰው ጥርስ ሲሞላ 32 ነው።

በብዙ አገር ልጆች የወለቀውን ጥርስ ወደ ጣራ ወርውረው አዲስ እንዲበቅልላቸው ይመኛሉ። ጨዋታው ያማረ ነው፤ ነገር ግን አዲሱ ጥርስ የሚመጣው ከጣራ ሳይሆን ከድድ ውስጥ ነው። ከወተት ጥርስ ሥር፣ በመንገጭላው አጥንት ውስጥ፣ ቋሚው ጥርስ ለብዙ ዓመት ተደብቆ ይሠራል። የወተት ጥርስ ማለት ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ ቤቱን የሚጠብቅ ታማኝ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ከቀኑ በፊት ቢባረር በግራና በቀኝ ያሉት ጐረቤቶች አጥሩን እየገፉ ይገባሉ፤ የመንጋጋ ወተት ጥርስ ከጊዜው በፊት ቢወልቅም በአጠገቡ ያሉት ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ። በኋላ ቋሚው ጥርስ ሲመጣ ቦታውን ተይዞ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ተጣሞ ወይም በሌላው ጥርስ ላይ ተደርቦ ይበቅላል።

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። የወተት ጥርስ በስብሶ ሥሩ መግል ቢቋጥር መግሉ በሥር የሚሠራውን ቋሚ ጥርስ ሊያበላሸው ይችላል። አንዳንድ ጊዜም ወደ ጕንጭና ወደ አንገት ተስፋፍቶ ሕይወትን ያሠጋል። ሕፃኑ ሕመሙን በቃል መናገር ስለማይችል እህል እየገፋ ይከሳል፤ ሌሊት ሲያለቅስ ያድራል፤ እናቱም ከእርሱ ጋር ታድራለች። ለትምህርት የደረሰው ልጅ ደግሞ ጕንጩን በእጁ ይዞ በትምህርት ቤት ይቀመጣል፤ መምህሩ የሚለውን ግን አይሰማም። እንግዲህ «ይወልቃል» ተብሎ የተናቀው ጥርስ የማይወልቀውን ጥርስና የልጁን ጤና ይዞ ሊጠፋ ይችላል።

በዚህ ነገር ወላጆች ይልቁንም የሚሳሳቱበት አንድ ጥርስ አለ። ልጁ ስድስት ዓመት ያህል ሲሆነው ከወተት መንጋጋዎች በስተኋላ፣ ከላይ ሁለት ከታች ሁለት፣ አዲስ መንጋጋዎች ይበቅላሉ። እነዚህ ሲበቅሉ ከፊታቸው የሚወልቅ ጥርስ ስለሌለ ብዙ ሰው የወተት ጥርሶች ይመስሉታል። ነገር ግን ቋሚ ናቸው፤ ቢበሰብሱ ሌላ አይተካም። ስለዚህ ልጁ ስድስት ዓመት ሲሞላው አፉን ወደ ብርሃን አስከፍቶ የኋላውን ጥርስ መመልከት አስተዋይነት ነው።

ጥርስን የሚያበላሸው ነገር

ቀድሞ በብዙ አገር ሰዎች «ጥርስን የሚበላው ትል ነው» ይሉ ነበር። በአገራችንም እስከ ዛሬ ይህን የሚሉና የእምቧይ ፍሬ እያጤሱ ትሉን ለማስወጣት የሚደክሙ አሉ። በጥርስ ውስጥ ግን ትል የለም። ጥርስን የሚጐዳው በዓይን የማይታይ ነገር ነው።

በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ አንቶኒ ቫን ሌውንሁክ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነበረ። ይህ ሰው መስተዋት እየሳለ ጥቃቅን ነገሮችን አጕልቶ የሚያሳይ መሣሪያ በገዛ እጁ ይሠራ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1683 ዓ.ም. ከጥርሱ መካከል ያለውን ነጭ እድፍ ፍቆ ከንጹሕ የዝናም ውሃ ጋር ቀላቅሎ በመሣሪያው ተመለከተ። በውስጡም እጅግ ብዙ ረቂቅ ሕያዋን ሲንቀሳቀሱ አየ። ጥርሱን በየማለዳው በጨው የሚያሽ ሰው ነበርና በጣም ተደነቀ። በአፉ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን በአገሩ ካሉት ሰዎች ቍጥር እንደሚበልጡም በሎንዶን ላሉት ሊቃውንት ጻፈላቸው።

ከዚያ በኋላ ከ200 ዓመት በላይ አልፎ ዊሎቢ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በበርሊን ከተማ ምርመራ አደረገ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1890 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍም የነገሩን አካሄድ ገለጸ። እነዚህ ተሕዋስያን በአፍ ውስጥ የቀረውን ጣፋጭና ስታርች ያለበትን ምግብ ተመግበው ኮምጣጣ ነገር ያወጣሉ፤ ይህም አሲድ ይባላል። አሲዱ የጥርስን ማዕድን ቀስ በቀስ ያሟሟል።

ጥርስን ከውጭ የሚሸፍነው ነጭ ቅርፊት ኤናሜል ይባላል። ከሰው አካል ሁሉ እንደ እርሱ ጠንካራ የለም፤ ከአጥንትም ይጠነክራል። ነገር ግን አንድ ጕድለት አለበት። ቆዳ ቢቈስል ይድናል፤ አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፤ ኤናሜል ግን አንድ ጊዜ ከተቦረቦረ ተመልሶ አይሞላም። የወተት ጥርስ ኤናሜል ደግሞ ከቋሚው ይልቅ ስስ ነው፤ ስለዚህ የሕፃን ጥርስ ቶሎ ይበሰብሳል።

ሆኖም አስቀድሞ ለሚያስተውል ሰው ተስፋ አለ። ጥርስ ከመቦርቦሩ በፊት በድዱ ዳር እንደ ኖራ ያለ ነጭ መስመር ያወጣል። ይህ የመጀመሪያው ምልክት ነው። በዚያን ጊዜ ጥርሱ በደንብ ቢጸዳ፣ ጣፋጭ ነገርም ቢቀነስ፣ ምራቅና ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ሊያጠነክሩት ይችላሉ። መስመሩ ቡናማ ከሆነና ቀዳዳ ከተከፈተ በኋላ ግን የሐኪም እጅ ያስፈልጋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህም ይሆናል። ስለዚህ በየወሩ አንድ ጊዜ የሕፃኑን የላይኛውን ከንፈር በጣት ከፍ አድርጎ የፊት ጥርሶቹን መመልከት መልካም ልማድ ነው። ይህን ለማድረግ ሁለት ንጹሕ እጆችና የቀን ብርሃን ይበቃሉ።

ስለ ጣፋጭ ነገር

በ1946 ዓ.ም. በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ስኳር ዛሬ በየሱቁ ይገኛል፤ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥም እስከ ገጠር ገበያ ደርሰዋል። ስኳርን መቅመስ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ልክን አለማወቅ ነው።

አንድ ምሳሌ ይህን ያስረዳል። ሁለት ልጆች እያንዳንዳቸው አራት ከረሜላ ተሰጣቸው እንበል። አንደኛው ከምሳው ጋር አከታትሎ በላና አፉን በውሃ ተጕመጠመጠ። ሁለተኛው ግን አንዱን በጧት፣ አንዱን በረፋድ፣ አንዱን ከቀትር በኋላ፣ አንዱን በመኝታ ሰዓት ሲመጥ ዋለ። የበሉት ልክ አንድ ነው፤ ጕዳታቸው ግን አንድ አይደለም። ጣፋጭ ነገር አፍ በገባ ቍጥር አሲድ ይወጣል፤ ምራቅም አሲዱን አጥቦ ለማብረድ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ልጅ ጥርስ አንድ ጊዜ ተጠቅቶ ዐረፈ። የሁለተኛው ግን አራት ጊዜ ተጠቃ፤ አራተኛውም ከሁሉ የከፋ ነው። ሰው ሲተኛ ምራቁ ስለሚቀንስ አሲዱን የሚያጥበው አይኖርም።

ስለዚህ ሕፃንን ስኳር ያለበት ሻይ ወይም ጣፋጭ ወተት በጡጦ አፉ ላይ አድርጎ ማስተኛት ትልቅ ስሕተት ነው። ፈሳሹ ሌሊቱን ሙሉ በላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ዙሪያ ይተኛል፤ ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላውም ጥርሶቹ እስከ ድዱ ድረስ ጠቍረው ሊያልቁ ይችላሉ። ያለቀሰን ሕፃን ዝም ለማሰኘት ማርና ስኳር በጣት እያስነኩ ማጥባትም እንደዚሁ ነው። ይልቁንም ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ከጥርስ ሌላ ለሕይወቱም አደገኛ ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥም። ልጁ በሌሊት ቢጠማ ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል። ገና ለሚጠባውም የእናቱ ጡት ይበቃዋል።

ስለ ጥርስ አጸዳድ

ጥርስን ማጽዳት የሚጀምረው የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ባለበት ቀን ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን ንጹሕና እርጥብ ለስላሳ ጨርቅ በጣት ጠቅልሎ የሕፃኑን ድድ ቀስ ብሎ መጥረግ ያስለምደዋል።

አባቶቻችን ጥርሳቸውን በወይራና በክትክታ መፋቂያ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ይህም የሚመሰገን ልማድ ነው። ትኩስ መፋቂያ ጫፉ እስኪለሰልስ ታኝኮ የእያንዳንዱ ጥርስ ውጩም ውስጡም ቢፋቅ እድፉን ያስለቅቃል። ነገር ግን መፋቂያ ለትልልቅ ልጆችና ለአዋቂዎች ነው እንጂ ለሕፃን አይደለም። እንጨቱ የሕፃኑን ድድ ይወጋል፤ እየሮጠ ቢወድቅም ጕሮሮውን ሊያቈስለው ይችላል። ለሕፃን የሚስማማው ለስላሳ የሆነ ትንሽ የጥርስ ብሩሽ ነው።

ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ከተገኘ ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው ልጅ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ልጁ ሳሙናውን እንዲተፋ እንጂ እንዳይውጥ ማስተማር ይገባል።

ጊዜውም በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ በጧት፣ ሁለተኛው ከመኝታ በፊት። ከሁለቱ አንዱ የግድ ቢቀር የጧቱ ይቅር እንጂ የማታው አይቅር። ከማታው ጽዳት በኋላም ከውሃ በቀር ምንም አይቀመስም።

ሕፃን በገዛ እጁ ጥርሱን በሚገባ ማጽዳት አይችልም። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ታላቁ ሊያግዘው ይገባል። በዚህ ሥራ ታላቅ ወንድምና ታላቅ እኅት ለእናታቸው ትልቅ ረዳቶች ናቸው። አስቀድሞ እጅን መታጠብ፤ ከዚያ የሕፃኑን ራስ በጭን ላይ ማስደገፍ፤ ብሩሹን በጥርሱና በድዱ መገናኛ ላይ አድርጎ በቀስታ ማሸት፤ የፊቱን፣ የኋላውንና የሚታኘክበትን ገጽ ሁሉ ማዳረስ ነው። ሕፃኑ ቢያለቅስ መቈጣት አይገባም። ያስፈራሩት ልጅ ብሩሹን ሲያይ ይሸሻል፤ ያጫወቱት ልጅ ግን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

የጥርስ ብሩሽ እንደ ልብስ በውሰት የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ይሁን። እንደዚሁም እህልን በአፍ አላምጦ ለሕፃን ማጕረስ ከፍቅር የመጣ ልማድ ቢሆንም፣ ከጐራሹ እናት አፍ የጥርስ ተሕዋስያን ወደ ሕፃኑ አፍ ያልፋሉ። እህሉን በንጹሕ ማንኪያ አድቅቆ መስጠት ይሻላል።

ስለ ግግ

በአገራችን በብዙ ስፍራ አንድ ጐጂ ልማድ አለ። ሕፃን አራት ወይም ስድስት ወር ያህል ሲሆነው ክራንቻ በሚበቅልበት ቦታ ድዱ ነጣ ብሎ ያብጣል። በዚያው ዕድሜ ተቅማጥ ወይም ትኵሳት ቢይዘው፣ «ግግ ወጥቶበታል፤ ሕመሙ ከዚያ ነው» ይባላል። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ወደ ግግ አውጪ ይወሰድና ድዱ በስለት ወይም በጋለ ብረት ተቀድዶ ውስጡ ያለው ይወጣል። የወጣውም ነገር ለስላሳና ነጭ ስለሆነ በሽታው ይመስላል። ነገር ግን እርሱ በሽታ አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ የክራንቻ ቡቃያ ነው።

ይህ ነገር እንዴት እንደሚሆን የሚከተለው ታሪክ ያሳያል።

በአንድ ደጋ አገር እናት፣ አያትና ሦስት ልጆች በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር። ታላቁ ወንድ ልጅ የ13 ዓመት ነበረ፤ ተከታይዋ ሴት ልጅ የ11 ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ታናሹም የስድስት ወር ሕፃን ነበረ። አንድ ቀን ሕፃኑ ተቅማጥ ያዘው። አያቱ አፉን ከፍተው ተመለከቱና፣ «ይኸው፣ ግግ ነው። ነገ በማለዳ ወደ አውጪው እንውሰደው» አሉ። እናቲቱም ሕፃኑን ታቅፋ ዝም አለች።

ልጅቱ በጤና ትምህርት ስለዚህ ነገር ተምራ ነበረና ፈራ ተባ እያለች ቀረበች። «እማማ፣ አይቈጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች።

«ጠይቂ፣ ልጄ» አሏት።

«የወንድሜም ግግ ወጥቶ ነበር?»

«አዎን፣ እኔው ራሴ ወስጄ አስወጥቼለታለሁ። ስንት ሌሊት እንዳለቀሰ እኔ ነኝ የማውቀው።»

ልጅቱ ወንድሟን ጠርታ በደጃፉ ብርሃን አፉን አስከፈተችው። የላይኞቹ ክራንቻዎች በሚቆሙበት ቦታ በአንድ በኩል ባዶ ነበረ፤ በሌላው በኩል የበቀለው ጥርስ ቡናማና የተቈራረጠ ነበረ። ከዚያ የራሷን አፍ ከፍታ ሁለቱን ክራንቻዎቿን በጣቷ አሳየች።

«እማማ፣ የእኔ ግግ አልወጣም። ያኔ ከወንድሜ ድድ የወጣው የጥርሱ ቡቃያ ነበረ፤ ከሥሩ ያለውም ቋሚ ጥርስ አብሮ ተጐድቶ ይሆናል» አለች።

አሮጊቷ የልጁን አገጭ በእጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ሲጐዱት ያሰቡ አልነበሩም፤ የእናታቸው እናት ያደረጉትን አድርገው ነበር። በመጨረሻም፣ «እንግዲያስ ይህ ሕፃን በምን ይድናል?» ብለው ጠየቁ። ልጅቱም «ጤና ኬላ እንውሰደው» አለች።

በማግሥቱ ሦስቱም ሕፃኑን ይዘው ሄዱ። የጤና ሠራተኛዋ የሕፃኑን ዓይንና ሆድ ተመልክታ የሰውነቱ ውሃ እየቀነሰ መሆኑን ነገረቻቸው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለውን ዱቄት ሰጥታ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ጥቂት በጥቂት እንዲያጠጡት አስተማረቻቸው፤ እናቲቱም ጡት እንዳታቋርጥ አዘዘች። ከዚያ ስለ ውሃቸው ጠየቀች። ውሃው ከብት ከሚጠጣበት ምንጭ የሚቀዳ ነበረ፤ ለሕፃኑም ማጠጣት የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነበረ። ሕፃን በዚህ ዕድሜ መዳኽና ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ መክተት ስለሚጀምር፣ ምግብና ውሃም ስለሚጨመርለት፣ ተቅማጥ ይበዛበታል። የተቅማጡና የክራንቻው ቡቃያ ጊዜ ስለሚገጣጠም ሰዎች አንዱ ሌላውን ያመጣ ይመስላቸዋል።

ተቅማጡ በጥቂት ቀናት ተወ። ሕፃኑ ዓመት ከመንፈቅ ሲያልፈው አሮጊቷ እያጫወቱት ሳሉ ከዚያው ካበጠው ቦታ ነጭ ክራንቻ ብቅ ብሎ አዩ። «ያ ግግ ያልሁት ይኸው ጥርስ ሆኖ መጣ!» አሉ። ከዚያ ወዲህ በጐረቤት ሕፃን በታመመ ጊዜ ግግ እንዳይወጣ የሚከለክሉት እርሳቸው ሆኑ፤ የሁለቱንም ልጆች አፍ እያስከፈቱ ያሳዩ ነበር።

ግግ ማውጣት ጥርስን ብቻ አያጠፋም። ደም አላቆም ብሎ፣ ባልጠራ ብረትም መንጋጋ ቈልፍና ሌላ መርዝ ገብቶ ሕፃን ይሞታል። ከሁሉ ይልቅ፣ ሰዎች ድድ ሲቀድዱ እውነተኛው በሽታ ጊዜ ያገኛል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ዓይኑ ቢሰረጕድ፣ መጥባት ቢያቅተው ወይም በዓይነ ምድሩ ደም ቢታይ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

ስለ ቡናማ ጥርስና ስለ ወደቀ ጥርስ

ቡናማ ጥርስ ያለው ልጅ ሁሉ ጥርሱን የማያጸዳ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ አገር፣ እንደ ወንጂና እንደ መተሐራ ባሉ ስፍራዎች፣ የጕድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ፍሎራይድ በልኩ ጥርስን ያጠነክራል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ቋሚው ጥርስ በድድ ውስጥ በሚሠራበት ዘመን ውሃውን የጠጣ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል። ይህን እድፍ መፋቅ አያስለቅቀውም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ልጅ ቈሻሻ ብሎ መስደብ ሐሰትም ግፍም ነው። በእንዲህ ያለ አገር ለሕፃናት ፍሎራይዱ የተቀነሰ ውሃ ወይም የዝናም ውሃ መፈለግ ይሻላል፤ ስለ ጥርስ ሳሙናውም የጤና ሠራተኛን መጠየቅ ይገባል።

በጨዋታ መካከል ቋሚ ጥርስ ሙሉውን ተነቅሎ ቢወድቅ አይጣል። ሥሩ ሳይነካ በነጩ በኩል ይያዝ፤ ቈሻሻ ቢነካው በጥቂት ንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ፤ ሳይፋቅም ወዲያው በቦታው ይመለስ። ይህ ባይቻል በወተት ውስጥ ተደርጎ ልጁ ፈጥኖ ወደ ጥርስ ሐኪም ይወሰድ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከደረሰ ብዙ ጊዜ ይድናል። የወተት ጥርስ ግን ተመልሶ አይተከልም፤ በሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ይጐዳልና።

ማጠቃለያ

ታላቅ መሆን በዕድሜ መቅደም ብቻ አይደለም። ታናሹ ማየት የማይችለውን አይቶለት፣ መናገር የማይችለውን ተናግሮለት የሚጠብቅ እርሱ ታላቅ ነው። ሕፃን በዚህ ወራት ማን ጥርሱን እንደ ጠረገለት አያስታውስም፤ ምስጋናም አይሰጥም። ነገር ግን አድጎ ቆሎ ሲቈረጥም፣ ቃሉን አቅንቶ ሲያነብ፣ ሳያፍርም ሲስቅ፣ ያ ሥራ በአፉ ውስጥ ይኖራል።

በቃል የሚጠና

1. የወተት ጥርስ ለቋሚው ጥርስ ቦታ ጠባቂ ነው።
2. ጥርስን ማታ ሳያጸዱ መተኛት ለጠላት በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።
3. ጣፋጭ ነገር በልኩና ከምግብ ጋር ይሁን።
4. ሕፃን ጣፋጭ ነገር በአፉ ይዞ አይተኛ።
5. ግግ የጥርስ ቡቃያ ነው፤ አይነካ።
6. በሌላው ሰው ጥርስ የሚስቅ ሰው ነውሩ የራሱ ነው።

ጥያቄ

1. የጥርስ ሦስቱ ሥራዎች ምንና ምን ናቸው?
2. የወተት ጥርስ ስንት ነው? የአዋቂ ሰው ጥርስስ?
3. በስድስት ዓመት ያህል የሚበቅሉት መንጋጋዎች ስለ ምን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል?
4. አራት ከረሜላ ከተሰጣቸው ከሁለቱ ልጆች ይልቅ የተጐዳው የትኛው ነው? ስለ ምን?
5. መፋቂያ ለሕፃን የማይስማማው ለምንድር ነው?
6. ልጅቱ የወንድሟን አፍ ያስከፈተችው ምን ለማሳየት ነበር?
7. ሕፃኑን ያሳመመው ምን ነበረ? በምንስ ዳነ?
8. በቤትህ ወይም በቤትሽ ታናሽ ሕፃን ቢኖር ዛሬ ማታ ምን ይደረግለታል?